«አባን ጥሩልኝ» ላለች እናት ዘገየን፤ ሐኪሙና የንስሐ አባቱ የሚገናኙት መቼ ነው?

የእማዬ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ለመጻፍ አራት ወር ፈጅቶብኛል።

እናቴ ያረፈችው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ነው። ስሙን አልጠራም። ጉዳዬ ክስ አይደለም። የጉበት ካንሰር ነበረባት፤ እሷ ግን አታውቅም ነበር። «ጨጓራሽ ነው» ብለናት ነበር። ዶክተሩ ታላቅ ወንድሜን ኮሪደር ላይ ጠርቶ ነገረው። እሱ ለእኔ ነገረኝ። ሁለታችን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን አለቀስን፤ ከዚያ ፊታችንን ታጥበን ፈገግ እያልን ገባን።

በገባች በስድስተኛው ቀን «አባን ጥሩልኝ» አለችኝ። የንስሐ አባታችንን ነው። እኔ ምን አልኳት? «ስትድኚ ቤት ይመጡልሻል እማዬ፣ ምን አስቸኮለሽ?» ዝም አለች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። አሁን ሳስበው ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገብቷት ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ደከመች። ፈራሁና ለአባ ደወልኩላቸው። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ መስቀላቸውንና በትንሽ ጠርሙስ ጸበል ይዘው መጡ። ጥበቃው «የጠያቂ ሰዓት አይደለም» አላቸው። ለመንኩት። «ታዝዤ ነው እህቴ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ታዞ ነው። ወደ ላይ ሮጬ ነርስ ፈለግኩ፤ ርክክብ ላይ ናቸው ተባልኩ። አባ በሩ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመው ተመለሱ። በማግስቱ ጠዋት ሲገቡ እናቴ እኔንም አታውቀኝም። ጉበት ሥራውን ሲያቆም ከደም ያልተጣራው መርዝ አእምሮን ያደበዝዛል ብለው አስረዱን። አባ ጸለዩላት፣ በመስቀላቸው ዳሰሷት። ንስሐ ግን አንደበት ይፈልጋል። ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፈች።

ሐኪሙ መንገዱን ያውቀዋል። አእምሮዋ ሊደበዝዝ እንደሚችል ከእኛ በፊት ያውቅ ነበር። አባም የራሳቸውን ሥራ ያውቃሉ። ሁለቱ ግን አንድም ቀን አልተነጋገሩም። «ጊዜው እየጠበበ ነው፤ የምትጠሩት ሰው ካለ ዛሬ ጥሩ» የሚለን አንድ ሰው ለምን አልነበረም? በሌላ ቦታ እንዴት ነው? እዚህ ሐኪሞችም ነርሶችም ካህናትም እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የምጠይቀው።

የሌሊት ተረኛ

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። እናትሽን በአጸደ ገነት ያሳርፍልሽ።

ነርስ ነኝ። የካንሰር ሕሙማን ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን በሌሊት። የጻፍሽውን ሳነብ ስንቱ ሰው ፊቴ ላይ መጣ መሰለሽ። እኛ ጋ የሕመምተኛው ካርድ ላይ «ሃይማኖት» የሚል መስመር አለ። ሲገቡ እንሞላዋለን። ከዚያ በኋላ ያንን መስመር የሚያየው የለም። ሰውየው ካረፈ በኋላ ነው «ሙስሊም ነው ወይስ ክርስቲያን?» ብለን የምንገለብጠው፣ አስከሬኑን ለማዘጋጀት። በሕይወት እያለ ያልጠቀመው መስመር ማለት ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። አንድ አባት ነበሩ፤ አጥንታቸው ውስጥ የገባ ካንሰር። የንስሐ አባታቸው መጥተው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። ሰውየው መናገር ሲጀምሩ ሕመሙ ይቆርጣቸዋል። ይጀምራሉ፣ ያቃስታሉ። ቄሱ ግራ ገባቸው። እኔ ለተረኛው ሐኪም ደወልኩ። ሞርፊን አዘዘ፣ የሚጠጣውን። ቄሱን «አባ፣ ታች ወርደው ሻይ ይጠጡና ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመለሱልኝ» አልኳቸው። ሲመለሱ ሰውየው ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። መጋረጃውን ስቤላቸው ወጣሁ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ማወቅም የለብኝም። ሲጨርሱ ግን «ልጄ፣ ዛሬ መድኃኒቱን ሁለታችሁም ሰጣችሁኝ» አሉኝ።

የሥራ ባልደረቦቼን የማስረዳቸው በዚህ ታሪክ ነው። ሥቃይ ላይ ያለ ሰው ከሥቃዩ ሌላ ማሰብ አይችልም። ስለዚህ ሞርፊኑ ለጸሎቱ ቦታ ይጠርግለታል።

ቀጥተኛው

ለጠያቂዋ መጽናናትን እመኛለሁ። ግን ሌላውንም ጎን ማየት ጥሩ ነው።

አባቴን ያስታመምኩት ስምንት አልጋ ባለበት ክፍል ውስጥ ነው። አጠገባችን ላለው ሕመምተኛ በየቀኑ የሚጸልዩ ሰዎች ይመጡ ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲጸልዩ አባቴ እንቅልፍ አጣ። ሌላ ቀን ደግሞ ማንም የማያውቀው «ነቢይ ነኝ» የሚል ሰው አልጋ በአልጋ እየዞረ ዘይት ሲቀባ፣ ስልክ ቁጥር ሲያድል አየሁ። ጥበቃው በር ላይ የሚያቆመው እንዲህ ያለውን ነው። እውነተኛውን አባት ከሌላው በምን ይለያል?

ደግሞም ሐኪሙ ስንት አልጋ እንደሚይዝ አይታችኋል? ይህንንም ጨምሩበት ማለት ለእኔ ከባድ ነው።

ቀሲስ ዘሰሜን

ልጄ የእማዬ ልጅ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አንድ ነገር ይዘሽ ተኚ፦ እናትሽ «አባን ጥሩልኝ» ብላለች። ያ ቃል ራሱ በእግዚአብሔር ፊት ተሰምቷል። ካህን በር ላይ ስለቆመ የእርሱ ምሕረት በር ላይ አይቆምም። ይህን የምልሽ ለማጽናናት ብቻ አይደለም። የማምነው ነው።

ወንድሜ ቀጥተኛው ያነሳው እውነት ነው፤ እኛም ጥፋት አለብን። ሆስፒታል ስንሄድ የራሳችንን ደብር እንደምንገባ ሆነን የምንገባ አለን። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ጧፍ ላበራ ክብሪት ሳወጣ ነርሷ እጄን ያዘችኝ። ኦክስጅን ተከፍቶ ነበር። «አባ፣ እንዳያቃጥሉን» አለችኝ። ደነገጥኩ፤ አመሰገንኳት። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል ጧፍም ዕጣንም ይዤ አልገባም። መስቀልና መጽሐፍ ይበቃል። ጸሎቱንም ቀስ ብዬ ነው። እግዚአብሔር ለመስማት ጩኸት አያስፈልገውም።

ከቤተሰብ በኩል የሚያስቸግረን ደግሞ ሌላ ነው። ቀንዲል እናድርግላቸው ስንል ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ «ሊሞቱ ነው ማለት ነው?» ይለናል። ቀንዲል የሕሙማን ምሥጢር ነው፤ ለፈውስም ለሥርየትም ነው። ሊሞት ላለ ብቻ አይደለም። መቁረብ የሚፈልግ ሰው ካለ ደግሞ ጊዜው ይበልጥ ይጠባል፤ የሚያስመልሰውን ሰው ማቁረብ ይቸግራልና። ስለዚህ ሐኪሞች ማስመለሱን ሲያስታግሱልን ለእኛ ትልቅ እርዳታ ነው። ይህን ሐኪሞቹ የሚያውቁት አይመስለኝም። እኛም ነግረናቸው አናውቅም።

የሌሊት ተረኛ

አባ፣ እውነት ነው፣ አላውቅም ነበር። ከእንግዲህ ቄስ ሊመጣ ነው ሲሉኝ የማስመለስ መከላከያውን ቀደም አድርጌ እንዲታዘዝ እጠይቃለሁ። ይኸው፣ ለስንት ዓመት አንድ ኮሪደር ላይ ስንተላለፍ ኖረን።

ስለ ጸበልም ልጨምር። መዋጥ ያቃተው ሕመምተኛን ቤተሰብ በማንኪያ ጸበል ሊያጠጣው ይሞክራል። ወደ ሳንባ ይገባል፣ ያንቀዋል። እኛ «አይቻልም» ስንል ይጣሉናል። እኔ ያገኘሁት መንገድ ይህ ነው፦ ለእነዚህ ሕሙማን በየጊዜው አፋቸውን በእርጥብ ጎዝ እናጸዳለን፤ ከንፈራቸው ስለሚደርቅ ነው። ልጆቹን እጃቸውን አስታጥቤ፣ ጎዙን በጸበላቸው አርጥበው ጠንከር አድርገው እንዲጨምቁት አደርጋለሁ። ከዚያ ከንፈራቸውን፣ ድዳቸውን፣ ምላሳቸውን ራሳቸው ያብሱላቸዋል። ሳንባው ይተርፋል፤ ጸበሉም ይደርሳል። ልጅ ደግሞ ለእናቱ የሚያደርገው ነገር ያገኛል። ዝም ብሎ መቆም ነው ሰውን የሚገድለው።

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት

ሐኪም ነኝ፣ ሦስተኛ ዓመት ሬዚደንት። በመጀመሪያ ለእህታችን፣ አላህ ያጽናሽ።

የጠየቅሽው ጥያቄ ለእኛ ነው። አዎ፣ ሐኪሙ ያውቅ ነበር። ለወንድምሽ የነገረው ለምን እንደሆነም አውቃለሁ። አገራችን ውስጥ መርዶ ለሕመምተኛው አይነገርም፤ ለቤተሰብ ነው። ቤተሰብም «እንዳትነግሩት፣ ይደነግጣል» ይላል፤ እኛም ይህን ሰበብ አድርገን እንሸሻለን። ልባችን ስለሚከብደን ነው። ትምህርት ቤት ስለ ጉበት ብዙ ተምረናል። አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ «ሕመምዎ ምን ይመስልዎታል?» ብሎ መጠየቅን ግን ብዙም አልተማርንም።

የማስታገሻ ሕክምና፣ ፓሊየቲቭ የምንለው፣ ከመጀመሪያው ነፍስን ያስገባ ነበር። በዘመናዊ መልኩ ያስጀመሩት ሲስሊ ሳንደርስ የተባሉ እንግሊዛዊት ናቸው። ነርስ ነበሩ፣ ከዚያ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ በመጨረሻ ሐኪም ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈርስ የተባለውን ሆስፒስ፣ በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ ያሉ ሕሙማን እንክብካቤ የሚያገኙበትን ቤት፣ ከፈቱ። «ጠቅላላ ሥቃይ» የሚል ሐሳብ አላቸው፦ የአካል ብቻ ሳይሆን የአእምሮ፣ የቤተሰብና የኑሮ፣ የመንፈስም ሥቃይ አለ፤ አንዱን ትታችሁ ሌላውን ማስታገስ አትችሉም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ትርጉም የመንፈሳዊ ችግርን አብሮ አስገብቶታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ አገሮች ይህን ሕክምና በጤና ሥርዓታቸው ውስጥ እንዲያስገቡ ውሳኔ አሳልፏል። የእኛም ጤና ሚኒስቴር የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አለው። ከወረቀት ወደ አልጋ አልወረደም እንጂ።

ወንድሜ ቀጥተኛው፣ ጊዜ የለም ያልከው ልክ ነው፤ እኔም ምሳ የማልበላባቸው ቀኖች አሉ። ግን «የንስሐ አባት፣ ኢማም፣ ፓስተር፣ እንዲጠራልዎ የሚፈልጉት ሰው አለ?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የሚያስፈልገው ጥያቄው በራውንድ ሰዓት፣ ሕሙማንን እየዞርን በምናይበት ጊዜ፣ ሥራ ሆኖ እንዲቆጠር ብቻ ነው። አልፈልግም የሚል ካለም ያ መልስ ይከበራል።

አቤል ከጎንደር

ይቅርታ፣ ውይይቱን አቋርጬ ነው። እኔ አሁን እዚያው ውስጥ ነኝ። እዚህ የምጽፈው ከአባቴ አልጋ አጠገብ ነው።

አባቴ 71 ዓመቱ ነው። የሳንባ ካንሰር፤ ተሰራጭቷል። እሱ አያውቅም፤ «ሳንባ ምች ነው» ተብሏል። ትንፋሹ ያጥረዋል። ሐኪሞቹ ትንሽ ሞርፊን ጀምረውለታል። አጎቴ ግን ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ሞርፊን ሱስ ነው፣ ሞቱንም ያፋጥናል። ሁለተኛ፣ ጸበል ሊወስደው ስለሚፈልግ መድኃኒቱ ይቁም፣ ሁለቱ አይቀላቀሉም ይላል። አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም። ወንድሙን ስለሚወድ ነው። እኔ ምን ላድርግ? ልንገረው? ከማን ልጀምር?

ቀሲስ ዘሰሜን

አቤል ልጄ፣ ለአጎትህ ከእኔ ይህን ንገርልኝ። ካስፈለገ ስልኩን ስጠውና ራሱ ያንብበው።

ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ክፈትለት። ሐኪምን አክብረው፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እርሱ ነው፣ አስተዋይ ሰው አይንቀውም ይላል። እንጦጦ ማርያም ጸበል ላይ የነበረውንም ያስታውስ ይሆናል። የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን እየጣሉ በጸበል ብቻ የተቀመጡ ብዙ ወገኖች ነበሩ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሆነው ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ መድኃኒቱንና ጸበሉን አብራችሁ ውሰዱ ብለው በይፋ አስተማሩ። የቤተ ክርስቲያን አባት እንዲህ ካሉ አጎትህ የሚፈራው ነገር የለም።

ወደ ጸበሉ ቦታ መውሰድ ካልተቻለ ጸበሉ ወደ እርሱ ይምጣ። የንስሐ አባቱንም አሁን ጥራ። ዛሬ። የእማዬ ልጅ የነገረችንን አንብበሃል።

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት

አቤል፣ ስለ ሞርፊኑ። ለሕመምና ለትንፋሽ ማጠር በሐኪም ተመጥኖ የሚሰጥ ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም። የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው የሚሰማው የመስመጥ ፍርሃት አለ፤ ትንሽ ሞርፊን ያንን ያረግበዋል። ሱስ የሚባለውም ለሕመም በሚወስድ ሰው ላይ ብዙም የሚያሳስብ አይደለም። በድንገት ማቆም ግን ይጎዳዋል። የሚያስቸግረው የሆድ ድርቀት ነው፤ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝለት ዛሬ ጠይቅ። እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ያለችው ኡጋንዳ የሚጠጣ ሞርፊን ለታማሚው እንዲደርስ ብላ የሠለጠኑ ነርሶች እንዲያዙት ፈቅዳለች፤ ይህን ያህል የሚፈለግ መድኃኒት ነው።

ስለ መናገር፦ አንተ ብቻህን አትንገረው። ሐኪሙን «አባቴ ከጠየቀ እውነቱን እንድትነግሩት እፈልጋለሁ፣ እኔም ልኑር» በለው። ንግግሩ በጥያቄ ይጀመር። «ሕመምዎ እንዴት ነው የሚሰማዎት? ማወቅ የሚፈልጉት ነገር አለ?» አልፈልግም ካለ ይተው። ከፈለገ ግን መብቱ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ ነኝ፤ እዚህ የሆስፒስ ነርስ ነኝ፣ ሰው ቤት እየሄድኩ ነው የምሠራው።

እዚህ አገር ሜዲኬር፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ እ.ኤ.አ. ከ1982 ሕግ ጀምሮ ለሆስፒስ ይከፍላል፤ ሐኪሙ ሕመሙ በተለመደው መንገዱ ከሄደ ስድስት ወር ወይም ከዚያ ያነሰ ዕድሜ ቀርቷል ብሎ ሲፈርም ማለት ነው። ቡድኑ ውስጥ ሐኪም፣ ነርስ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛና የመንፈሳዊ አማካሪ መኖር አለበት፤ ሕጉ ነው። ቻፕሊን የሚሉት ነው። ቻፕሊኖቹም በሆስፒታል ውስጥ ይሠለጥናሉ። ይህን ሥልጠና አንቶን ቦይሰን የተባሉ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1925 ማሳቹሴትስ ውስጥ በአንድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው የጀመሩት። እሳቸው ራሳቸው ታመው ተኝተው ያውቁ ነበር፤ ለዚህ ይመስለኛል ነገሩ የገባቸው።

ግን ሁሉም አልጋ በአልጋ አይደለም እዚህም። አንዲት እናታችን ነበሩ፣ እንግሊዝኛ የማይችሉ። ቻፕሊኑ አሜሪካዊ፣ ፕሮቴስታንት ነው። አንዲት ቃል አይግባቡም። ግን ዓይን ነበረው። ትራሳቸው ሥር ትንሽ ሥዕል አየ። ለእኔ አሳየኝ። «ይህቺ ማን ናት?» አለኝ። ኪዳነ ምሕረት ነበረች። ከዚያ ወጥቶ በአካባቢው ያለውን የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ስልክ ፈልጎ ደወለ። ቄሱ በዚያው ምሽት መጡ። እሱ ምንም ሳይጸልይ ሥራውን ሠራ።

እኛ የምንጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች አሉ፤ ክርስቲና ፑቻልስኪ የተባሉ የዋሽንግተን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያዘጋጇቸው። በእኛ አማርኛ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ የሚያጸናዎት ምንድን ነው? በዚህ ሕመም ጊዜ ምን ያህል ይፈልጉታል? ከማን ጋር ነው የሚጸልዩት? እኛስ በሕክምናዎ ውስጥ ምን እናድርግልዎ? አቤል፣ አንተም አባትህን መጠየቅ ትችላለህ። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም።

በረከት

እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ። በራሳችን ቤት የሆነውን ልናገር፣ ለአቤል አጎት ይጠቅም ይሆናል። ታናሽ ወንድሜ የደም ካንሰር ነበረበት። የጸለየለት ሰው «ተፈውሰሃል፤ መድኃኒት መውሰድ አለማመን ነው» አለው። ኬሞውን አቋረጠ። ሕመሙ ሲብስበት «እምነቴ ጎደለ» ብሎ ራሱን ይወቅስ ነበር። ሲሞት ከሕመሙ በላይ ያሠቃየው ያ ነው። እኔ ያንን ሰው ይቅር ብዬዋለሁ። ግን የአጥቢያችን ፓስተር በኋላ መጥቶ፣ ወንድሜን እጁን ይዞ፣ «አንተ ጥፋተኛ አይደለህም፤ እግዚአብሔር ጥሎህ አይደለም» ያለው ሰዓት ነው ወንድሜ መጀመሪያ የተኛው። ነርሷም ማስታገሻውን ጨመረችለት። ሁለቱም በአንድ ምሽት። እባካችሁ መድኃኒት አቁም የሚል ሰው ሲመጣ ቆም በሉ።

ኡሙ ሐናን

አሰላሙ ዐለይኩም። አባቴ ወሎ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ነው የሞተው፣ አላህ ይዘንለት። አጠገቡ የነበሩት ሴትዮ ክርስቲያን ናቸው። በመሐላችን አንዲት ትንሽ መጋረጃ ብቻ ናት።

የመጨረሻዋ ሌሊት አባቴን ወደ ቂብላ ማዞር ፈለግን። አልጋው ግን ከግድግዳ ጋር ተጣብቋል፤ የግሉኮሱም ገመድ አይደርስም። ነርሱ ክርስቲያን ልጅ ነው። ምንም ሳይል አልጋውን ከእኛ ጋር ገፋ፣ ግሉኮሱን ወደ ሌላው ጎን አዞረው። «አሁን ትክክል ነው?» አለን። ወንድሜ ሸሃዳውን በጆሮው ቀስ እያለ ያስታውሰዋል፤ እኔ ያሲን እቀራለሁ። የሴትየዋ ልጅ ደግሞ በመጋረጃው ማዶ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች፣ በሹክሹክታ። ሁለታችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው። ወንድሜ ቀጥተኛው እንዳለው ጩኸት ይረብሻል። ግን ሰው እርስ በርሱ ከተሰማማ መጋረጃ ይበቃል።

ቀጥተኛው

ኡሙ ሐናን፣ አላህ ይዘንላቸው። ነርሱ ግሉኮሱን ያዞረበትን ነገር ደጋግሜ አነበብኩት።

ከጻፍኩት አንዱን አስተካክላለሁ። ጥበቃው እውነተኛውን አባት በምን ይለያል ብዬ ነበር። መልሱ ቀላል መሆን አለበት፦ ሕመምተኛው ወይም ቤተሰቡ ስም ሲሰጥ፣ ነርሷ ወረቀት ላይ ጽፋ በሩ ላይ ትላክ። በዚያ ስም የመጣ በማንኛውም ሰዓት ይግባ። አልጋ በአልጋ የሚዞረው ያኔም አይገባም።

የሌሊት ተረኛ

ቀጥተኛው፣ ይህን ነገ ለማትሮኗ፣ ለነርሶች ኃላፊዋ፣ አቀርበዋለሁ። የምሬን ነው።

አቤል፣ ቤት ለመውሰድ ካሰባችሁም ብቻችሁን አይደላችሁም። አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያ አለ፤ በአንዲት ነርስ፣ በሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተ ነው። ቤት ለቤት እየሄዱ የሚያስታምሙ ናቸው። ጎንደር ላላችሁት ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት የሆስፒታሉን ፋርማሲ ሞርፊኑ ለስንት ቀን እንደሚሰጣችሁ ጠይቁ። አልቆ ሌሊት ላይ እንዳትቸገሩ።

የእማዬ ልጅ

አቤል፣ ዛሬ ንገረው። ለነገ አታሳድረው። እኔ ነኝ የምልህ።

አቤል ከጎንደር

ሦስት ቀን ጠፋሁባችሁ። ልንገራችሁ።

ሐኪሟ መጥታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አባባ፣ ሕመምዎ ምን ይመስልዎታል?» አለችው። አባቴ እኔን አየኝ፣ አጎቴን አየው። ከዚያ «ልጄ፣ ከክረምት ጀምሮ አውቄዋለሁ። እነሱ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አላት። አጎቴ ወጥቶ ኮሪደር ላይ አለቀሰ። እኛ ለእሱ ስንደብቅ እሱ ለእኛ ሲደብቅ ነበር።

የሲራኩን ምዕራፍ ለአጎቴ አነበብኩለት። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ሞርፊኑ ይቀጥል አለ። ጸበሉን ራሱ ሄዶ አመጣው።

የንስሐ አባቱ ትናንት ጠዋት መጡ። ነርሷን ቀድሜ ነግሬያት ነበር፤ መድኃኒቱን ከሰጠችው በኋላ ነው ያስገባቻቸው። ትንፋሹ ረጋ ብሎ ነበር። እኛ ወጣን። ብዙ ቆዩ። ስንገባ አባቴ ፊቱ ሌላ ነበር፤ ምን እንደምላችሁ አላውቅም። መጀመሪያ የተናገረው ስለ ድንበር ነው። ከጎረቤቱ ጋር ለ20 ዓመት የተኳረፈበት የእርሻ ድንበር አለ። «ሰውየውን ጥሩልኝ» አለ። ዛሬ ከገጠር መጣ። እግሩ ላይ ወደቀ፣ አባቴም ሊነሳ ሞከረ፣ አቅም የለውም። ተቃቀፉ።

አሁን ሌሊት ነው። አፉ ደርቋል፣ መዋጥ እያቃተው ነው። እጄን ታጠብኩ። ጎዙን በጸበሉ አርጥቤ፣ ሲስተር እንዳለችው ጠንክሬ ጨምቄ ከንፈሩን እያበስኩለት ነው። ምላሱን አወጣልኝ።

ሲስተር፣ ካለሽ መልሺልኝ፦ በየስንት ሰዓቱ ላድርግለት?

የሌሊት ተረኛ

አለሁ አቤል፣ ተረኛ ነኝ ዛሬም። በየሁለት ሰዓቱ፤ አፉ ቶሎ የሚደርቅ ከሆነ ከዚያም በፊት። ከንፈሩን ቫዝሊን ስስ አድርገህ ቀባው፤ ኦክስጅን እየወሰደ ከሆነ ግን መጀመሪያ እዚያ ያሉትን ነርሶች ጠይቃቸው። ትራሱን ከፍ አድርግለት። ስታብስለት አናግረው። ይሰማሃል።